የሚያበራ የጌጅ ፊት በኮሮላ ዲኤክስ ላይ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መኪናው ኮሮላ ዲኤክስ ነው፤ ኢ90 የሚባለው ትውልድ። የፍጥነት መለኪያው ከካምቢዮ በሚመጣ ገመድ ይዞራል፣ አርፒኤምም (የሞተር ዙር መለኪያ) አለው። ሥራው የፋብሪካው የጌጅ ፊት ላይ ቀን ነጭ ሆኖ የሚታይ፣ ማታ ራሱ የሚያበራ የኢኤል (ኤሌክትሮሉሚነሰንት፣ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው የሚያበራ ንጣፍ) ፊት መደረብ ነው። ማስታወሻው የተያዘው ሥራው በሄደበት ቅደም ተከተል ነው፤ ተመሳሳይ መኪና የሚከፍት ሰው አጠገቡ አስቀምጦ እንዲሠራበት።

አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። ጌጅ ከመብራትነቱ በፊት መለኪያ ነው። ፊቱ ደምቆ፣ ጠቋሚው 80 እያሳየ መኪናው 95 የሚሄድ ከሆነ ሥራው ተበላሽቷል፣ የቱንም ያህል ቢያምር። ስለዚህ ከዚህ በታች የመብራቱ ነገር ትንሽ ነው፤ የሚበዛው ጠቋሚዎቹ እንደነበሩ መመለሳቸውን የማረጋገጥ ሥራ ነው።

ዓርብ ማታ፦ ኪቱን ጠረጴዛ ላይ መመርመር

ከፓኬቱ የወጣው፦ አንድ ወጥ ፊት (ፍጥነት፣ አርፒኤም፣ ነዳጅና ሙቀት አንድ ላይ)፣ ከፊቱ የወጡ ሁለት ጠፍጣፋ ምላሶች፣ የክብሪት ሳጥን የምታክል ኢንቨርተር፣ ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ ያለው ትንሽ ማብሪያ፣ ሽቦዎች።

ኢኤል አምፖል አይደለም፣ ኤልኢዲም አይደለም። በሁለት ቀጫጭን አስተላላፊ ንጣፎች መካከል መዳብ የተጨመረበት ዚንክ ሰልፋይድ ዱቄት ተቀብቷል፤ የፊተኛው ንጣፍ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ሁለቱ ንጣፎች ስለማይነካኩ ነገሩ በጠባዩ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚይዝ ዕቃ) ነው። የባትሪ 12 ቮልት በቀጥታ ቢሰጠው ምንም አያበራም፤ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ በግምት 100 ቮልት አካባቢ፣ በሴኮንድ ከመቶዎች እስከ ጥቂት ሺዎች የሚደርስ ምልልስ። ኢንቨርተሩ ያለው ለዚህ ነው። ክስተቱን ፈረንሳዊው ዦርዥ ዴስትሪዮ በ1936 ገልጾታል፤ ክራይስለር ደግሞ ከ1960 ሞዴሎቹ ጀምሮ በዳሽቦርድ ውስጥ ተጠቅሞበታል። ስለዚህ የመኪና ጌጅ ላይ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ የሆነው እንደ ስቲከር በርካሽ መሸጡ ነው።

መጀመሪያ የተደረገው ልክ ማመሳከር ነው። ከሶማሌ ተራ (የመኪና መለዋወጫ ገበያ) የተገኘ ተመሳሳይ አሮጌ ጌጅ ስለነበረ ፊቱን እዚያ ላይ አስቀመጥነው። አሮጌ ጌጅ የሌለው ሰው የራሱን ፊት ልክ በልኩ ፎቶኮፒ አድርጎ፣ ኮፒው ላይ ኪቱን ጣል አድርጎ ወደ መስኮት ብርሃን ይያዘው። የሚታዩት ነገሮች፦

የፍጥነት ቁጥሮቹ ከድሮው ቁጥሮች ጋር በአንግል መግጠም አለባቸው፤ 0 ብቻ ሳይሆን 60ም፣ 120ም፣ የመጨረሻውም። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ኪት ብዙ ጊዜ ለዚያ አገር ሞዴል የተሠራ ስለሆነ በማይል ነው፤ ትልልቆቹ ቁጥሮች ማይል ሆነው ኪሎሜትሩ በትንሹ ውስጥ ይገባል፣ ጠቋሚው የሚዞርበት አንግልም ላይገጥም ይችላል። እንዲህ ያለውን ቢያምርም አንገጥምም። አርፒኤም ያለውና የሌለው፣ ማንዋልና አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ደግሞ ፊቱ ይለያያል። የኪሎሜትር ቁጥሮቹ መስኮት፣ የፍሬቻ፣ የዘይት፣ የዲናሞና የረጅም መብራት ምልክት ቀዳዳዎች በሙሉ ከሥር ካለው ቀዳዳ ጋር መደራረብ አለባቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያጠፋበት ነገር አለ። ቀዳዳው በሁለት ሚሊሜትር ቢጠብ በምላጭ ላስፋው ይባላል። የኢኤል ፊት ዳር ላይ የታሸገው በምክንያት ነው። ብርሃን ባለበት ቦታ ከተቆረጠ የፊትና የኋላ ንጣፎቹ በቁርጡ ጠርዝ ይነካካሉ፣ ብልጭታ ይፈጠራል፣ ጥቁር ነጥብ እየሰፋ ይሄዳል። ባይነካኩም እርጥበት በዚያው ይገባል፣ እርጥበት ደግሞ የዚህ ዱቄት ገዳይ ነው። ያልገጠመ ፊት ይመለሳል እንጂ አይቆረጥም።

ቀጥሎ መብራቱን መኪና ሳይነካ ማየት። ምላሶቹ ኢንቨርተሩ ላይ ተሰክተው ካለቁ በኋላ ብቻ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይሰጣል። ኢንቨርተሩን ያለ ፊት ባዶውን ማስነሳት አይገባም፤ ርካሾቹ የሚሠሩት ከፊቱ ካፓሲተርነት ጋር ተስማምተው ስለሆነ ጭነት ሲያጡ ቮልቱ ከልክ በላይ ይወጣና ይቃጠላሉ። በዚያው ምክንያት የሌላ ኪት ኢንቨርተር ሲሰካ ብርሃኑም ቀለሙም ይለወጣል። መብራቱ ሲበራ ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁር ነጥብ፣ የደበዘዘ ዳር፣ የሚንቀጠቀጥ ቦታ ይፈለጋል። ግማሽ ሰዓት ያህል በርቶ ይቆይ። እዚህ የታየ እንከን ሻጭ ይቀይረዋል፤ ከተገጠመ በኋላ የታየ እንከን የገዢው ነው። ሲበራ ምላሱን በጣት አለመንካት፤ ኃይሉ ትንሽ ነው፣ ንዝረቱ ግን እጅ ያስወረውራል።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፦ ሳይፈታ በፊት የሚመዘገብ

ብሎን ከመነካቱ በፊት የተመዘገበው ይህ ነው፦ ቁልፍ ተዘግቶ የአራቱም ጠቋሚዎች ፎቶ፤ ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ ፎቶ፤ ሞተሩ ሞቆ በሥራ ፈት ዙር ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ፎቶ። ፎቶው ከፊት ለፊት ቀጥ ብሎ መነሳት አለበት። ከጎን የተነሳ ፎቶ ጠቋሚውን ያሳስታል፣ ማታ ላይ ደግሞ ለማመሳከር ምንም አይጠቅምም።

ከዚያ መንገድ። ስልክ ላይ ባለ ጂፒኤስ፣ ቀጥ ባለና ጭር ባለ መንገድ፣ አጠገብ የተቀመጠ ሰው እየመዘገበ። ጂፒኤሱ 40 ሲል ጌጁ 43፣ 60 ሲል 64፣ 80 ሲል 86። ጌጅ ትንሽ አብልጦ ማሳየቱ ጤናማ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 ጌጁ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ይከለክላል፣ ከላይ ደግሞ እስከ 10 በመቶ ሲደመር 4 ኪሎሜትር ድረስ ይፈቅዳል። በዚህ ስሌት 60 ላይ እስከ 70 ማሳየት ይችላል። ይህኛው ደህና ነው፤ እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ከሥራው በኋላ መመለስ አለባቸው።

የነዳጅ ጌጁ ቁልፍ ሲዘጋ ጠቋሚው ወደ ታች ሳይወርድ ባለበት ይቆማል። ይህ ትንሽ ምልከታ ብዙ ነገር ይነግራል። ባለበት የሚቆመው በሽቦ ጥቅልል የሚሠራ፣ ዘንጉ በሲሊኮን ዘይት የሚያዝ ዓይነት ነው። ቀስ ብሎ ወጥቶ፣ ቁልፍ ሲዘጋ ወደ ታች የሚመለሰው በሙቀት የሚታጠፍ ብረት ያለው ነው። ባለበት የሚቆመው ማረፊያ ዜሮ ስለሌለው ጠቋሚው አንዴ ከተነቀለ የት እንደነበረ የሚነግር ነገር የለም። ስለዚህ የነዳጁንና የሙቀቱን ጠቋሚ ጨርሶ አንነቅልም።

ቅዳሜ፣ 4 ሰዓት፦ የጌጅ ሳጥኑን ማውጣት

በ10 ቁልፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ተፈታ። (ኤርባግ ያላቸው መኪናዎች ላይ ከዚህ በኋላ ቢያንስ 90 ሴኮንድ ይጠበቃል፤ ይሄኛው ኤርባግ የለውም።) መሪውን እስከ ታች ዝቅ ማድረግ ቦታ ይሰጣል።

ጌጁን የከበበው ፍሬም ከላይ፣ ከግንባሩ ሥር ወደ ታች በሚታዩ ብሎኖች ይያዛል። እነሱ ከወጡ በኋላ ዳሩ በክሊፕ ነው። የዚህ ዕድሜ ፕላስቲክ በብርድ ይሰበራል፤ ጠዋት ከሆነ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ማሞቅ፣ ካቻቢቴ ሳይሆን ጫፉ በጨርቅ የተጠቀለለ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ መጠቀም። ፍሬሙ ላይ ያሉት ማብሪያዎች ሶኬታቸው ከኋላ ስለሆነ በኃይል አይጎተትም፤ ትንሽ ወጣ አድርጎ ሶኬቶቹን መንቀል፣ እያንዳንዱ ላይ በናስትሮ ቁራጭ ቁጥር መጻፍ።

የጌጅ ሳጥኑ ብሎኖች ከወጡ በኋላ የሚይዘው የፍጥነት ገመዱ ነው። ገመዱ አጭር ነው፣ ሳጥኑን አምስት ሣንቲሜትር ያህል ብቻ ያስወጣል። እጅ ከኋላ አስገብቶ የፕላስቲክ መቆለፊያውን ተጭኖ ወደ ኋላ መሳብ ነው። እጅ ካልገባ ኮፈኑን ከፍቶ ገመዱ ግድግዳውን የሚያልፍበት ጎማ ጋ ትንሽ ወደ ውስጥ መግፋት ርዝመት ይሰጣል። ሳጥኑን እየነቀነቁ ገመዱን መጎተት ትክክል አይደለም፤ ጫፉ ላይ ያለው ባለ አራት ማዕዘን ምሰሶ ከታጠፈ ጠቋሚው ዝንት ዓለም ይንቀጠቀጣል።

ሳጥኑ ሲወጣ ጀርባው ላይ ያለውን የፕላስቲክ ወረቀት ሰርኪት በጣት አለመጫን። በላዩ የተሳሉት የመዳብ መስመሮች በዕድሜ ይደርቃሉ፣ መታጠፊያቸው ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ከተፈጠረ ነዳጅ ጌጁ ይሞታል፣ ሰው ግን ኪቱን ይጠረጥራል። ሶኬት የሚገባባቸው ጥርሶች ጠቁረው ስለነበር በነጭ ላጲስ ተጠረጉ። ሳጥኑ ፊቱ ተደፍቶ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ የለበትም፤ የሲሊኮን ዘይቱ ወደ ፊቱ ሊወርድ ይችላል። ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንኳ እንደ መኪናው ቀጥ ብሎ ይቁም።

ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ 7 ሰዓት፦ ጠቋሚዎቹና ፊቱ

መስታወቱ (ፕላስቲክ ነው) በክሊፕ ተነስቶ ንጹሕ ፎጣ ላይ ተቀመጠ። ከዚህ ጀምሮ በር ይዘጋል፣ ማራገቢያ ይጠፋል። የአዲስ አበባ አቧራ በነጭ ፊት ላይ ከጥቁሩ ይልቅ አጉልቶ ይታያል።

ኪቱ ለነዳጅና ለሙቀት ጠቋሚዎቹ ረጅም ስንጥቅ አለው፤ ፊቱን አዘንብሎ ጠቋሚውን በስንጥቁ ማሳለፍ ይቻላል። ለፍጥነቱና ለአርፒኤሙ ግን ቀዳዳው 13 ሚሊሜትር ሲሆን የጠቋሚው ቆብ 17 ነው። እነዚህ ሁለቱ መነቀል አለባቸው።

የፍጥነት ጠቋሚው ዜሮ ላይ ያለች ትንሽ የብረት ማቆሚያ ላይ ተደግፎ ነው የሚቆመው። እውነተኛ ማረፊያው ከዚያ በታች ነው፤ ውስጥ ያለችው የጸጉር ስፕሪንግ ጠቋሚውን በማቆሚያው ላይ ትንሽ እንድትጫን ተደርጋ ተወጥራለች። ይህን ሳያውቁ ጠቋሚውን መልሰው ዜሮ ላይ ቢሰኩ ውጥረቱ ይጠፋና ጌጁ በሁሉም ቦታ አብልጦ ያሳያል። ስለዚህ ከመንቀል በፊት፦ በጥርስ መጎርጎሪያ ጠቋሚውን ቀስ አድርጎ ከማቆሚያው በላይ ከፍ ማድረግ፣ ወደ ታች እንዲወርድ መልቀቅ፣ ራሱ እስኪቆም መጠበቅ። የቆመበት ቦታ ትይዩ፣ ፊቱ ላይ ሳይሆን ከፊቱ ውጭ ባለው ጥቁር ፕላስቲክ ላይ፣ ቀጭን ወረቀት ቴፕ ተለጥፎ በጫፉ ሹል እርሳስ መስመር ይሰመርበታል። ፊቱ ላይ የተደረገ ምልክት አዲሱ ፊት ሲደረብ ይሸፈናል። የአርፒኤሙም በተመሳሳይ መንገድ ምልክት ተደረገበት።

አነቃቀሉ፦ በቆቡ ግራና ቀኝ ፊቱ ላይ ወፍራም ካርቶን ይነጠፋል፣ ሁለት የሻይ ማንኪያዎች ከቆቡ ሥር ይገባሉ፣ ሁለቱም እኩል ይጫናሉ፣ ቆቡ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አይጠመዘዝም። የእርከን ሞተር ያላቸው አዳዲስ ጌጆች ላይ ሰዎች ጠቋሚውን እያዞሩ ይነቅላሉ፤ እዚህ ግን ማዞር የጸጉር ስፕሪንጓን ማጣመም ነው፣ እሷ ከታጠፈች ጌጁ አይስተካከልም። ጠቋሚውን ጫፉን ይዞ መሳብም እንዲሁ፤ ቀጭን ስለሆነ ይታጠፋል።

የድሮው ፊት በትናንሽ ብሎኖች ተይዟል፣ አዲሱም በእነሱ ነው የሚያዘው። ሁሉም በአንዴ አይፈቱም፤ አንዱ ወጥቶ አዲሱ ፊት ተደርቦ ይመለሳል፣ ከዚያ ሌላው። በዚህ መንገድ ከሥር ያለው ፊት ቦታውን አይለቅም። ነዳጅና ሙቀት ጠቋሚዎቹ በስንጥቁ አለፉ፣ ፊቱ ተጋደመ፣ ቁጥሮቹ ተመሳከሩ፣ ብሎኖቹ ተመለሱ፤ በልክ እንጂ በኃይል አይጠብቁም፣ ከጠበቁ ዙሪያቸው ይሸበሸባል። መሐሉ ብድግ ብሎ የነበረው ከሥሩ በቀጭን ባለ ሁለት ጎን ቴፕ ተያዘ። ሱፐር ግሉ እዚህ ቦታ የለውም፤ ትነቱ መስታወቱ ላይ ነጭ ጉም ሆኖ ይቀመጣል፣ አይለቅም።

ምላሶቹ ከሳጥኑ ታች ወደ ኋላ ይወጣሉ። ማጠፊያቸው እርሳስ ላይ ተጠቅልሎ እንደሚታጠፈው ክብ ይሁን እንጂ እንደ ወረቀት እጥፋት ሹል አይሁን። የፊቱ ግማሽ የሚጠፋበት ተራ ምክንያት ይህ ነው፤ መስመሩ እጥፋቱ ላይ ይበጠሳል፣ በብየዳ ደግሞ አይጠገንም፣ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል።

ጠቋሚዎቹን መመለስ። የፍጥነቱ ጠቋሚ በምልክቱ ትይዩ፣ ከማቆሚያው በታች ባለው ነፃ ቦታ ላይ፣ በቀላሉ ተጫነ፤ ከዚያ ከማቆሚያው በላይ ተነስቶ ዜሮ ላይ ተደገፈ። ሙሉ በሙሉ አልተጫነም። ከቆቡ ሥር ቢያንስ አንድ ሚሊሜትር ክፍተት መኖር አለበት፤ አዲሱ ፊት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ከፍታ ስለጨመረ እስከ መጨረሻው የተጫነ ጠቋሚ ፊቱን ይፈትገዋል ወይም ዘንጉን ያፍነዋል። የሚፈትግ ጠቋሚ ምልክቱ ይህ ነው፦ ሲወጣ በትክክል ይወጣል፣ ሲመለስ 20 ላይ ይቀራል።

ከሥር ያሉት የፊት ማብሪያ አምፖሎች ነገር። ትልልቆቹ ቲ10 አምፖሎች እያንዳንዳቸው 3.4 ዋት ናቸው፣ ሙቀታቸው የኢኤሉን ዕድሜ ይቀንሳል፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ቢጫ ብርሃን ያፈስሳል። ሁሉንም ማውጣት ግን ስህተት ነው፤ የኪሎሜትር ቁጥሮቹ የሚታዩት በእነሱ ብርሃን ስለሆነ ማታ መስኮቱ ይጨልማል። ለቁጥሮቹ ቅርብ የሆነው ብቻ ቀረ፣ ሌሎቹ ወጡ። የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹ ትንንሽ አምፖሎች አልተነኩም። እግረ መንገዳችንን ወደ ኤልኢዲ እንቀይራቸው ለሚል አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በአንዳንድ አሮጌ ዲናሞዎች የመነሻ ኃይሉ የሚያልፈው በቻርጅ ምልክቱ አምፖል በኩል ነው። አምፖሉ በኤልኢዲ ከተተካ ዲናሞው ላይነሳ ይችላል፣ ባትሪውም ሳይታወቅ ያልቃል። የቻርጁን አምፖል እንደነበረ መተው ነው።

መስታወቱ በለብታ ውኃና በአንድ ጠብታ ሳሙና ታጥቦ በለስላሳ ጨርቅ ደረቀ። ቤንዚንና ቲነር ይሰነጥቁታል። አቧራው የተነፋው በእጅ በሚጨመቅ የጎማ ነፊ ነው፤ የጋራዥ ኮምፕረሰር ጠቋሚዎቹን ያሽከረክራል፣ ከውስጡም ውኃና ዘይት ይተፋል።

ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት፦ ሽቦ

ኢንቨርተሩ ኃይል የሚያገኘው ከፓርኪንግ መብራት መስመር ነው፤ መብራት ሲበራ ጌጁም እንዲበራ። በዚያ ዘመን ብዙ ቶዮታዎች ይህ ሽቦ አረንጓዴ ነው፣ ነጭ ከአረንጓዴ መስመር ጋር ያለው ደግሞ በብርሃን መቀነሻው በኩል ወደ ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ) የሚመለሰው ነው። ቀለም አይታመንም፣ መኪናው በስንት እጅ አልፏል፤ ለፍተሻው ባትሪው ለጊዜው ተመልሶ በመልቲሜትር ተለካ፣ ከዚያ እንደገና ተፈታ። ፓርኪንግ ሲበራ 12 ቮልት የሚያሳየው፣ ሲጠፋ ዜሮ የሚሆነው፣ መቀነሻው ሲዞር የማይለወጠው ሽቦ ነው የሚፈለገው። መቀነሻው ማሳውን የሚቆጣጠር ስለሆነ ኢንቨርተሩ ማሳውን ከዚያ መውሰድ የለበትም፤ ሰውነቱ ላይ ካለ ብሎን፣ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ከታየበት ቦታ ይወሰድ። በመቀነሻው ላይ የተሰካ ኢንቨርተር ያፏጫል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቶሎ ይሞታል።

ሽቦው 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ይበቃል። በመንገዱ ላይ ባለ 1 አምፔር ፊውዝ ገባ፤ ኢንቨርተሩ የሚወስደው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፣ ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። መገናኛው በሶልደር ተበይዶ በሙቀት የሚሰበሰብ ላስቲክ ለብሷል። ሽቦውን ሳይላጥ የሚነክሰው ሰማያዊ ማያያዣ ፈጣን ነው፣ በኮብልስቶን ንዝረትና በአቧራ ግን እየላላ መብራቱን ማንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ኢንቨርተሩ ከሬዲዮውና ከአንቴና ገመዱ ራቅ ብሎ፣ ከማሞቂያው ቱቦ ውጭ፣ መሪ ዘንግ በማይነካበት የብረት ደጋፊ ላይ በቴፕና በፕላስቲክ ማሰሪያ ተያዘ። ከኢንቨርተሩ ወደ ፊቱ የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ተጠማዘው በአጭሩ ተቆረጡ፤ ይህ የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ላይ የሚሰማውን ጩኸት በግልጽ ይቀንሳል።

እሑድ ጠዋት፦ ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ያለው ሙከራ

ባትሪው ተመልሶ፣ ሳጥኑ ሶኬቶቹ ተሰክተው፣ ገመዱ ሳይያዝ፣ መሪው ላይ ተደግፎ ነው ሙከራው።

ነዳጅ፦ ታንከሩ ላይ ያለው ላኪ (የነዳጁን መጠን ለጌጁ የሚነግረው) በዚያ ዘመን ቶዮታዎች ሙሉ ሲሆን 3 ኦም፣ ባዶ ሲሆን 110 ኦም አካባቢ ነው። የላኪው ሶኬት ተነቅሎ፣ ወደ ጌጁ የሚሄደው ሽቦ በ3.4 ዋት አምፖል በኩል ማሳ ሲደረግ ጠቋሚው ወደ ሙሉ ይሄዳል፤ ሲለቀቅ ወደ ባዶ። ሄደ፣ በነፃነትም ተመለሰ። በቀጥታ ሽቦ ማሳ ማድረግ ጥቅልሉን ሊያቃጥል ስለሚችል አምፖሉ አይዘለልም። የሙቀት ጌጁ በተመሳሳይ መንገድ ወደ ቀይ ሄዶ ተመለሰ።

ፍጥነት፦ በጃፓን ደረጃ የተሠሩ የገመድ ጌጆች ገመዱ በደቂቃ 637 ጊዜ ሲዞር 60 ኪሎሜትር ያሳያሉ፤ በብዙዎቹ ፊት ላይ ቁጥሩ በትንሹ ተጽፎ ይገኛል። ፍጥነቱ የሚቆጣጠር የኤሌክትሪክ ድሪል፣ የገመዱን ጫፍ የሚያህል ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ ዙሩን የሚለካ የሌዘር መለኪያ ካለ ጠረጴዛ ላይ ማጣራት ይቻላል። መጀመሪያ በእጅ ትንሽ አዙሮ ጠቋሚው ወደ ላይ የሚሄድበትን አቅጣጫ ማወቅ፤ በተቃራኒው ከዞረ ጠቋሚው ማቆሚያውን እየደበደበ ይጣመማል። 637 ላይ ጠቋሚው 62 አካባቢ ቆመ፤ ያ ደህና ነው። ድሪሉ አንድ ደቂቃ ሲሠራ የኪሎሜትር ቁጥሩ ላይ አንድ ኪሎሜትር ስለሚጨምር ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ነው የሚያዘው። ቁጥሮቹ ራሳቸው አይነኩም፤ መኪናው ሲሸጥ የገዢው መብት ናቸው።

አርፒኤሙ በሥራ ፈት ዙር ላይ ከቅዳሜው ፎቶ ጋር አንድ ሆነ። ከዚህ በኋላ ነው ሁለቱ ጠቋሚዎች፣ የአንድ ሚሊሜትሩ ክፍተት ሳይጠፋ፣ በጣት ጫፍ እስከ ቦታቸው የተጫኑት፣ መስታወቱ የተዘጋው፣ ገመዱ ጠቅ ብሎ የገባው።

እሑድ ማታ፦ መንገድ

ጂፒኤስ 40 ሲል 43፣ 60 ሲል 64፣ 80 ሲል 87። የመጨረሻው ላይ ያለው አንድ ኪሎሜትር የዓይን ልዩነት ነው፣ አዲሱ ፊት ላይ መስመሮቹ ወፈር ይላሉ። ሲቆም ጠቋሚው ዜሮ ላይ ተደገፈ፣ መሐል ላይ አልቀረም።

ብርሃኑ ላይ አንድ ውሳኔ ተደረገ። ማብሪያው ሰማያዊና አረንጓዴ ይሰጣል። ሁለት ቀለም ስላለው አይደለም፤ ኢንቨርተሩ ምልልሱን ሲያፈጥን ያው ዱቄት ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ሲያዘገይ ወደ አረንጓዴ። ሰማያዊው ሲታይ ያምራል፣ ግን የረጅም መብራት ምልክቱም ሰማያዊ ስለሆነ በዚያ መሐል ይዋጣል። ከፊት ለሚመጣው ሹፌር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው ረጅም መብራት ማብራቱን ሳያውቅ ከተማ ያቋርጣል። በዚያ ላይ ፈጣኑ ምልልስ ዱቄቱን ቶሎ ያደክመዋል። አረንጓዴው ላይ፣ ብርሃኑ ግማሽ ገደማ ሆኖ ቀረ። ሙሉ ብርሃን በጨለማ የደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ዓይንን ያደክማል፣ መንገዱንም ያጠቁራል።

ቆየት ብሎ፦ የታየና የሚጠበቅ

ከከባድ ዝናብ በኋላ በአንድ ጠዋት የግራው ግማሽ ደበዘዘ። ምላሱ ከሽቦው ጋር የሚገናኝበት ሶኬት ላይ እርጥበት ነበር፤ ተነቅሎ፣ ተጠርጎ፣ ደርቆ ሲሰካ ተመለሰ። ውኃው የመጣው ከፊት መስታወቱ ጎማ ስለሆነ መጠገን ያለበት እሱ ነው፤ አለዚያ ቀጥሎ የሚጠቁረው ራሱ ፊቱ ነው።

ለወደፊት የሚያጋጥሙት በመልካቸው ይለያሉ። ሁሉም በአንዴ ከጠፋ ፊውዙና ማሳው ይታያሉ፣ ከዚያ ኢንቨርተሩ። ቀጭን ፉጨት እየጨመረ፣ ብርሃኑ እየቀነሰ ከሄደ ኢንቨርተሩ እየደከመ ነው። ከዳር የሚጀምር ጥቁረት እርጥበት ነው፤ አይመለስም። በመላው ፊት ላይ እኩል፣ ቀስ በቀስ የሚመጣ ድብዘዛ ዕድሜ ነው፤ የኢኤል ብርሃን ሲሠራ በቆየባቸው ሰዓታት ልክ እየቀነሰ ይሄዳል፣ በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዓታት ውስጥ ወደ ግማሹ ይወርዳል። ቀን ላይ ፓርኪንግ አብርቶ መንዳት ይህን ያፋጥነዋል።

የወጡት ቲ10 አምፖሎች ከነሶኬታቸው በፕላስቲክ ታሽገው የመኪናው ኪስ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ነገር ግን አዲሱ ፊት ከኋላ የሚመጣ ብርሃን ስለማያሳልፍ ኢንቨርተሩ መንገድ ላይ ከሞተ እነሱን መመለስ ፋይዳ የለውም። ማታ ለሚነዳ ሰው የሚጠቅመው መለዋወጫ ሁለተኛ ኢንቨርተር ነው፤ የዚሁ ኪት፣ ተመሳሳይ ሶኬት ያለው፣ ፊቱ ላይ አስቀድሞ የተሞከረ። ሲቀየር ሳጥኑ አይወጣም፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ሁለት ሶኬት ነቅሎ መሰካት ብቻ ነው፣ ፓርኪንጉ ጠፍቶ።